የፎቶ ቼኮች

ሂሳብ ክፍል የምትሠራዋን ሴት ፋብሪካው በሙሉ «ላጲስ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ ለቀልድ ብሎ ነበር፣ እሷ ላይ ግን ተጣብቆ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ከምታትመው ቼክ የምትሰርዘው ይበልጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሠራተኛ በቀነሰ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ የስንብት ክፍያ ቼክ ያሳትማል። ይፈርምበታል፣ ማህተም ያስመታበታል፣ ከዚያ ባለአክሲዮኖቹ በተሰበሰቡበት አዳራሽ ተሰናባቾቹን አሰልፎ እየጨበጠ ያድላል። ፎቶ ይነሳል፣ ይጨበጨባል። እንግዶቹ ሲወጡ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ባንክ መመዝገብ ይቀረዋል፣ አንዴ መልሱልኝ» ይልና ከእያንዳንዱ እጅ ይለቅመዋል። ከዚያ ወዲያ ያንን ቼክ ውሃ በላው። ሰዎቹ ነገ ዛሬ ሲባሉ ከርመው ጫማቸው ሲያልቅ ይተዉታል። ወጪ ቀነሰ ተብሎ በዓመቱ መጨረሻ ቦነስ የሚቀበለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱው።

የዛሬዎቹ ተረኞች የሸሚዝ ቁልፍ የሚሰፉ አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዷን ሁሉም «እማማ» ይላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቼኮቹን ይዞ ሂሳብ ክፍል ገባ። አውራ ጣቱን እየላሰ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። እያንዳንዷ ቼክ ጥጓ ላይ በምራቅ ረጥባለች፤ የምሳው ሽንኩርት ይሸታል። ላጲስ በሁለት ጣቷ ጫፍ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

«ሰርዢያቸው። ሪፖርቱ ላይ እንዳላያቸው።»

«ጋሼ፣ የእማማ ባለቤት አልጋ ላይ ናቸው። የሳቸውን እንኳ ብንተወው?»

«አንቺ ደግሞ! የአገሩ እናት ሆነሽ ቀረሽ!» አለና ሳቀ። ስቴኪኒውን ከጥርሱ መሃል ነቅሎ ጫፉ ላይ ያለውን አየና መልሶ አፉ ውስጥ ከተተው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማሽም?»

ሲስተሙን ከፈተች። እዚያ ውስጥ ቼክ ሲሰረዝ አይጠፋም፤ ቁጥሩ ይቀራል፣ ገንዘቡ ብቻ ዜሮ ይሆናል። ምክንያት ካልተጻፈለትም እሺ አይልም። «የፕሪንተር ስህተት» ብላ ጻፈች፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ምስኪን ፕሪንተር፣ አፍ ቢኖረው በስም ማጥፋት ይከሳት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አራት ጊዜ ተሳስተሃል ተብሎ ተመዝግቦበታል። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዋ ላይ እየተነፈሰ ቆሞ ጠበቀ። ቀዩ «ተሰርዟል» አሥራ አንዱም መስመር ላይ ሲወጣ፣ «አበጀሽ!» ብሎ ወጣ። ወረቀቶቹን ዘወር ብሎም አላያቸው። ለሱ ስክሪን ላይ የሞተ ሞቷል።

ላጲስ ግን ሙያዋ ነውና ታውቃለች። ባንኩ የፋብሪካውን ኮምፒውተር አያይም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ደንቡ እንደሚለው ፊርማውን በመቀስ ቆርጣ፣ የቀረውን ፋይል ታደርግ ነበር። ዛሬም መቀሱን አነሳች። የመጀመሪያው ቼክ የእማማ ነበር። እርጥቡ ጥግ ጣቷን ነካት፤ ሥራ አስኪያጁንም አይደለም፣ የገዛ እጇን ነው የተጸየፈችው። መቀሱን ጣለችው። ሥራዬ ይሂድ እንጂ ይህንንስ አልቆርጥም አለች። አሥራ አንዱንም ፖስታ ውስጥ ከታ ቦርሳዋ ውስጥ ሸጎጠች።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ከፋብሪካው በር ውጭ ግንቡ ሥር ተኮልኩለው ነበር፤ «ነገ ኑ» ተብለዋላ። ከሁሉም የሚያንጋፉት እማማ መሃል ተቀምጠዋል። ላጲስ ጎንበስ ብላ ቼካቸውን አቀረበችላቸው።

«እማማ፣ ዛሬውኑ ባንክ መሄድ አለብን። ስክሪኑ ላይ ሰርዤዋለሁ፣ ወረቀቱ ግን ደህና ነው።»

እማማ እጃቸውን አልዘረጉም። «ደግሞ ፎቶ ልታስነሺን ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። ላጲስ ፊቷ ቀላ። «አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ካልከፈሏችሁ እዚያው ሰው ፊት ትፉብኝ» አለች።

ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋዩ የእማማን ቼክ አገላብጦ አየ፣ ፊርማውን አመሳከረ፣ ማህተም መታ፣ ቆጥሮ ሰጠ። ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ሦስተኛዋ። አሥራ አንደኛዋ ስትጨርስ አዳራሹ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ። አንዷ ላጲስን አገላብጣ ሳመቻት። እማማ እጇን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይዘው መረቋት፤ እሷም ከስንት ዘመን በኋላ ቀና አለች። አመሻሹ ላይ ከሥራ እንደምትባረር አልጠፋትም፣ ይሁን ብላለች።

«ልጄ፣ እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ እማማ። «ተሰርዟል ካልሽ እንዴት ከፈሉን?»

«ባንክ የኛን ኮምፒውተር አያውቅም፣ እማማ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ካልተቆረጠ ይሠራል።»

«እንዲህ ነው እንዴ?» ትንሽ አሰቡ። «አምና የተባረሩት፣ የእህቴ ልጅ ያለችባቸው፣ የነሱስ ተቆርጦ ነበር?»

«አዎ።»

«ያ ነውረኛ! ቁጭ ብሎ በመቀስ ቆረጠው?»

ላጲስ አዎ ብትል ማን ያውቅባታል?

«እሱ መቁረጥ እንዳለበት እንኳ አያውቅም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ማንም አላዘዘኝም።»

እማማ የያዙትን እጇን ለቀቁና መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።