አፈሬን መልስ

እሁድ ጠዋት ወይኔ ምን ያህል እንደበሰለ ልቀምስ ሽቅብ ስወጣ እግሬ አልተደናቀፈም። ያኔ ነው አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባኝ። በእኛ ኮረብታ የሚወጣ ሰው በየጥቂት እርምጃው መደናቀፍ አለበት። መንገዱን አግድም የሚቆርጡ ቦዮች አሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉን አንገቱን ይዘው ከመንገዱ ወደ ጎን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ያን ጠዋት ግን መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ለስልሷል። ቦዮቹ ከላይ እስከ ታች በጠጠር ተሞልተው ተደልድለዋል። በላያቸው ላይ የጎማ ፋና አለ።

ማን እንዳደረገው ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም። የአጎቴ ልጅ አልባን ነው።

አያታችን ሬኔ ሲሞት ቁልቁለቱን የወይን ማሳ ለእኔ፣ ከሥሩ ያለውን ቤትና ግቢ ለአልባን ተወ። ዘመዶቻችን «ምስኪን ሉዲቪን፣ ድንጋይ ደረሳት» ብለው ከንፈር መጠጡልኝ። እውነት ነው፣ ማሳዬ ፍየል ያዞራል። ትራክተር አይወጣውም። አፈሩ ከበሰበሰ ሮዝ ድንጋይ የተፈጨ ስስ አሸዋ ነው፤ ከሥሩ አለት። እሱ አፈር ከሄደ ወይን የለም፤ ወይኑ ከሌለ እኔም የለሁም። ወይን መግረዝ ያስተማረኝ ሰው የለም። አባቴ ሴት ልጅ መቀስ ስትይዝ ማየት አይወድም ነበርና የጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥዬ እያየሁ ተማርኩ። ዛሬ ያ ጎረቤት የእኔን እያየ ይገርዛል።

አልባንን ደግሞ ወይን ለቀማ ወገቡን ያመዋል። ስለዚህ ቤቱን የብስክሌተኞች ማረፊያ አደረገው። ከሊዮንና ከፓሪስ አስፋልት የሰለቻቸው ሰዎች ይመጡለታል፤ ወፍራም ጎማ ባለው ብስክሌት በጠጠር መንገድ፣ ከኮረብታ ኮረብታ፣ በሰው ወይን መሀል መንከራተት ደስ የሚላቸው። እሱ መንገዱን በየስልካቸው ላይ ይሥልላቸዋል፤ ማታ ቋሊማና አይብ ያቀርብላቸዋል። በማሳዬ ጎን የሚወርደውን «የአያቴ የሬኔ መንገድ» ብሎ ሰይሞታል። አያቴ ዕድሜ ልኩን ብስክሌት ላይ የወጣው አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ሰክሮ፣ ከቁጥቋጦ ውስጥ ነው ጎትተው ያወጡት።

ግቢው ስገባ እንግዶቹ ጎማቸውን እየነፉ ነበር። ሽማግሌው ክሎቪስ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠዋል። አባባ ክሎቪስ ወይን በነጻ በሚቀዳበት ግቢ ሁሉ አይጠፉም።

«ቦዮቹን ማን ደፈናቸው?» አልኩ።

አልባን በቅባት ጨርቅ እጁን እየጠረገ ፈገግ አለ። «ደህና አደርክ ማለት ቀረ እንዴ፣ ሉዲ?»

«ደህና እንድታድር አልፈልግማ። ማን ደፈናቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ትናንት ማታ። በጸደይ አንዱ እንግዳዬ እዚያ ቦይ ውስጥ ገብቶ ትከሻው ተሰበረ። ዛሬ ትልቁ ጉዞ ነው፤ ከሰዓት ሰማንያ ሰው ይወርድበታል። ማታ እከፍተዋለሁ፣ በቃ።»

«ቁልቁለት የፈራ ወርዶ በእግሩ አይሄድም? እግር አልፈጠረለትም?»

«መንገዱ የመንደሩ ነው፤ ያንቺ አይደለም።»

«አፈሩ ግን የእኔ ነው። ተራራው ላይ ያለውን ደመና አይተኸዋል?»

ስልኩን አወጣ። «ዝናብ ነገ ማታ ነው ይላል።»

«ስልክህ ተራራው ላይ ወጥቶ አይቶ ነው?»

ቢጫ ልብስ የለበሰች ረጅም እንግዳ ሳቋ አመለጣት። የአልባን ፊት ቀላ።

«አንቺ እኮ ከሰው ጋር መኖር አትችይም። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ከወይን ጋር ስታወሪ የምትውይው።»

«ወይን የማያውቀውን አይዘባርቅም።»

ልወጣ ዞር ስል ዓይኔ አጥሩ ሥር አረፈ። እዚያ አያቴ የቆፈረው ትልቅ ጉድጓድ ነበር። ቦዮቹ የሚያወጡት ጎርፍ ሁሉ አጥሩን ታኮ ወርዶ እዚያ ይገባል፤ ውሃው ያርፋል፣ አፈሩ ይዘቅጣል፣ ብርድ ሲገባ አፈሩ ወጥቶ ወደ ማሳው ይመለሳል። አሁን ጉድጓዱ የለም። ቦታው ላይ አዲስ የብስክሌት ቤት ቆሟል፤ የሚያብረቀርቅ እንጨት፣ ደጁ ላይ አበባ።

«ጉድጓዱስ?»

«ትንኝ ነበር የሚያራባው» አለ፣ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ።

አባባ ክሎቪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልማዱን ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። የላይኛው ይሰዳል፣ የታችኛው ይቀበላል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ደግሞ የታችኛው ቅርጫቱን አፈር ይሞላል፣ የላይኛው ይሸከማል።»

«እሱ የድሮ ነገር ነው፣ አባባ ክሎቪስ።»

«ውሃውም የድሮ ነው፣ ልጄ» አሉና ብርጭቆአቸውን እንዲሞላላቸው ዘረጉለት።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ቦዩን ከከፈትኩ ጎርፉ አልባን ቤት ይገባል። ካልከፈትኩ ማሳዬን ጠርጎ ታች ያለው አስፋልት ላይ ይደፋዋል። ሦስተኛ መውጫ ነበረ፤ አልባን አበባ ተክሎበታል።

ቤቴ ሄጄ ዶማዬን አመጣሁ።

የጀመርኩት መታጠፊያው ላይ ካለው ከትልቁ ቦይ ነው። ከሱ በላይ ያሉኝ ረድፎች ጥቂት ናቸው፤ ከሱ በታች ግን ሕይወቴ በሙሉ አለች። አልባን ጠጠሩን በማሽን ደልድሎት ኖሮ ዶማው ብረት እንደመታ ይነጥር ነበር። መዳፌ ተላጠ። ስቆፍር ዋልኩ። ደመናው ከተራራው ወርዶ ጫካውን ሲሸፍነው፣ ነፋሱም የወይኑን ቅጠል ሆዱን ገልብጦ ነጩን ሲያሳየኝ፣ ገና ግማሹ ነበር የተከፈተው።

ብስክሌተኞቹ ያኔ መውረድ ጀመሩ። ሰው መግደል አልፈልግም፤ ከቦዩ በላይ የወይን መልቀሚያ ሣጥኖች ደርድሬ ቀይ ሹራቤን አንጠልጥዬባቸው ነበር። ፍሬን ሲይዙ ጎማቸው ጠጠሩን እየረጨ ይንሸራተታል። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳኛል። ሌላው፣ ፊቱ በአቧራ የተለወሰ፣ አጎንብሶ ከረድፌ ዘለላ ቆረጠ።

«አስቀምጠው!» ስለው እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ተበደለ ሰው አየኝ።

«አንድ ዘለላ ነው እኮ፣ እመቤት።»

«ሰማንያ ናችሁ። ቁጥር ታውቃለህ?»

ቢጫ የለበሰችው ሴትዮ ብስክሌቷን በትከሻዋ አንስታ ቦዩን ተሻገረች። «ሰው ሊሰበር ይችላል እዚህ» አለችኝ።

«መንገድ ዳር ያለ ወይን ማሳ ነው፤ የልጆች መንሸራተቻ መስሎሽ ነው?»

«ፈገግ ብትይ ምን ነበር?»

«ሥራ ላይ ነኝ። አንቺ ቢሮሽ ውስጥ ስትሠሪ እኔ በመሀል በብስክሌት አላልፍም።»

ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ሄደች። ወዲያው አልባን ከታች ሽቅብ እየረገጠ ደረሰ። ብስክሌቱን መሬት ላይ ጣለው፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆመ፤ ከዚያ ቦዩ ውስጥ ገብቶ በሁለት እግሩ ተገተረበት።

«ተይው።»

«ውጣ።»

«ሉዲ፣ ያን ቤት በእጄ ነው የሠራሁት። እያንዳንዱን ሳንቃ። የእንግዶቹ ብስክሌት እዚያ ነው የሚያድረው። ውሃው ከገባ ሁሉም ወሬውን ይዞ ይሄዳል፣ ማንም አይመለስም። ትንሽ ታገሽኝ፤ ዛሬን ብቻ።»

«ዛሬን የምትለምነው እኔን አይደለም፤ ደመናውን ለምነው።»

«አፈር ነው እኮ! አፈር! ከታች በመኪና አስመጣልሻለሁ!»

እዚህ ላይ ዶማዬን አቆምኩ። ለአፍታ አዘንኩለት ልል ነበር፤ ግን አላዘንኩም። «አያታችን ያን አፈር አርባ ክረምት በጀርባው ሲያመላልሰው አንተ አሻንጉሊት ትነዳ ነበር። አሁንም ትነዳለህ። ውጣ፣ አልባን።»

አልወጣም። እኔም አላቆምኩም። በጫማው ዙሪያ ቆፈርኩ፤ ዶማው ከተረከዙ አጠገብ ሲያርፍ አንዴም ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። እንደዚያ ተያይተን ሳለ የመጀመሪያዋ ጠብታ ዶማዬ እጀታ ላይ አረፈች፤ ሁለተኛዋ ሄልሜቱ ላይ ጧ አለች። ሁለታችንም ቀና አልን። ሰማዩ የበሰለ ወይን መስሏል።

«እግዜር ይይልሽ!» ብሎ ብስክሌቱን እንኳ ሳያነሳ ቁልቁል ሮጠ። እኔ የቀረውን ጠጠር በእጄ ጭምር እየዛቅኩ አወጣሁ።

ጎርፉ ከመታየቱ በፊት ተሰማ። ከጫካው ወጥቶ፣ ሮዝ ሆኖ፣ አልባን ባለሰለሰው መንገድ ላይ እንደ እንግዶቹ ተፈትልኮ መጣ። ከመታጠፊያው በላይ ያሉት ረድፎቼ መሀል ገብቶ አፈሩን ሲልሰው፣ ሥሮቹ እንደ አሮጊት ጣት ሲወጡ ቆሜ አየሁ። እነዚያን ቦዮች ልደርስባቸው አልቻልኩም ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን ቦዩ ውስጥ ወደቀ፣ ተንደቀደቀ፣ ዞረ። አጥሩን ታኮ ወረደ። ከታች ጩኸት ሰማሁ። የእንጨት መሰንጠቅም ሰማሁ። ዝናቡ እየደበደበኝ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ሰማሁት፤ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ሰኞ ጠዋት የአያቴን በጀርባ የሚታዘል ቅርጫት አዝዬ፣ ዶማዬን ይዤ ወረድኩ። ግቢው ሮዝ ጭቃ ሆኗል። የብስክሌት ቤቱ በር ተገንጥሏል፤ ብስክሌቶቹ እስከ ግማሽ ጎማቸው ተቀብረዋል። እንግዶቹ ከመስኮቱ ጀርባ ቁርስ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዳቦው አፋቸው ደጅ ቆመ። አባባ ክሎቪስ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በሩ ላይ ደርሰዋል፤ እንዲህ ያለውን ትርዒት አያመልጣቸውም።

«አፈሬን ልወስድ መጣሁ» አልኩ።

የአልባን ዓይን አብጧል። «ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ መጣሽ? ሰው ፊት?»

«የታችኛው ይሞላል፣ የላይኛው ይሸከማል። ወይስ እሱም የድሮ ነው?»

አባባ ክሎቪስን አያቸው። እሳቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። መስኮቱን አየ። በኛ መንደር አፈር አልመልስም ያለ ሰው ቤት ማንም በሩን አያንኳኳም፤ ወይን የሚሸጥለትም የለም። አልባን ደግሞ ለእንግዶቹ የሚቀዳው ከእያንዳንዳችን ገዝቶ ነው። አካፋውን ከጭቃው ውስጥ ነቀለ።

ጀርባዬን ሰጠሁት። ሞላ። ከአፉ በላይ ሞላ። ከዚያ በአካፋው ጀርባ ጠቀጠቀውና እንደገና ጨመረ። ውሃ የጠጣ አፈር ነው፤ የቅርጫቱ ማሰሪያ ትከሻዬን ቆረጠኝ።

«በቃኝ በይ» አለኝ በጆሮዬ፣ ቀስ ብሎ።

«እጅህ ደከመ እንዴ?»

አንድ አካፋ ጨመረልኝ።

ወጣሁ። እየቆምኩ፣ በዶማዬ እጀታ እየተደገፍኩ፣ ግን ሳላወርድ ወጣሁ። ላይኛው ረድፍ ደርሼ ሥሩ የወጣው የመጀመሪያው ግንድ ላይ ስዘረግፈው አንድ ነገር ጭቃው ውስጥ አቃጨለ፤ የብስክሌት ደወል ነበረች። ጠርጌ ኪሴ ከተትኳት። ስመለስ አልባን አካፋውን ሞልቶ፣ በአየር ላይ ይዞ እየጠበቀኝ ነበር። ደወሏን እግሩ ሥር ወረወርኩለት።

«ያንተ ያንተ ነው» አልኩት። «የእኔም የእኔ።»

አላነሳትም። «ስንት ጊዜ ልትመላለሺ ነው?»

«አፈሬ እስኪያልቅ።»

«እስከ ገና አያልቅም እኮ!»

«እንግዲህ ጠዋት ጠዋት በርህን ክፈትልኛ» አልኩና ጀርባዬን ሰጠሁት።