የአማቴ አለርጂ

አማቴ ዕድሜ ልካቸውን ግድግዳ ሲቀቡ ኖረው ቀኝ ትከሻቸው አለቀ። ሐኪሟ በሰው ሠራሽ የብረት መገጣጠሚያ ልትተካላቸው ቀጠረቻቸው። እሳቸው ግን ማዕረግ እንደተሰጠው ሰው ደረታቸውን ነፍተው፣ «እኔን ፔኒሲሊን ይገድለኛል!» አሏት።

«ምን አድርጎዎት ነበር?»

«ልጅ ሳለሁ ሆዴን ቆርጦኛል።»

«ሆድ ቁርጠትማ አለርጂ አይደለም፣ አባቴ። የትከሻ ቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ብረቱ ላይ ከሰፈሩ በቀላሉ አይለቁም። ይህን ለመከላከል ከቀዶ ጥገናው በፊት የምንሰጠው ዋናው መርፌ ደግሞ የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። በሌላ ከመተካታችን በፊት እንመርምርዎት።»

ተመረመሩ። ክንዳቸው ላይ ሽፍታ ቀርቶ ትንኝ የነከሳቸው ያህል እንኳ አልታየም። አማቴ ርስታቸውን የተነጠቁ ይመስል አኮረፉ።

መርፌውን ወስደው ቀዶ ጥገናው ተደረገላቸው፤ ቁስሉም መግል ሳይቋጥር ደረቀ። ሊጠይቋቸው የመጡ ጎረቤቶች «እንኳን እግዜር ማረዎት!» ሲሏቸው፣ «ምን ማረኝ ትላላችሁ? ስንት ዘመን የኖርኩበትን አለርጂ ቀምተውኝ!» አሉ።

እኔ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ትከሻቸው በደንብ መዳኑን ያረጋገጥኩትም ያኔ ነው፤ ቀኝ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው «ውጣ ከፊቴ!» ሲሉኝ።