ማንም የማያውቀው ስም

ዶክተር ኤልቃና ነገሳ ከሾላ ገበያ ጀርባ ባለችው ቤቱ ሦስት ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ ነበረው። አራተኛው ላይ በር ባይኖር እሱንም አይምረውም ነበር። የማኅበረሰብ ጥናቱ፣ ፍልስፍናው፣ ኢኮኖሚው፣ ስለ ከዋክብት አፈጣጠር የሚያወራው ሳይቀር ተደርድሯል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ነገር ያናድደው ነበር። «ስለ ድሃ የሚጻፈው በሙሉ ድሃው በማያነበው ቋንቋ ነው። ይሄ ሐሜት እንጂ ጥናት አይደለም» ይላል። በዩኒቨርሲቲው ሻይ ቤት ይህን ሳይሰማ የቀረ መምህር የለም። ባልደረቦቹ ለውጭ መጽሔት እየጻፉ ማዕረግ ሲጨምሩ፣ እሱ እንጦጦን ሲወጣና ሲወርድ ዓመታት ፈጀና፣ የሚሌኒየሙ ድግስ ባለፈ በዓመቱ «ክብርና ችጋር በእንጦጦ ተረተር» የሚል መጽሐፍ በአማርኛ አሳተመ።

መጽሐፉ ጥሩ ነው። እሱን መካድ ግፍ ይሆናል። በተለይ ምዕራፍ ሦስት ጥሩ ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

ምዕራፍ ሦስት የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሴትዮዋ ከእንጦጦ ማርያም ወረድ ብለው ባሕር ዛፍ መሐል የሚኖሩ እማማ ብዙነሽ የሚባሉ መበለት ናቸው። ኤልቃና የድምፅ መቅረጫ ቴፑን ይዞ መጀመሪያ ቤታቸው የሄደ ዕለት በር ላይ አቁመው «የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የነገሳ። የወለጋ ሰው ነው አባቴ፤ ወንጌላዊ ነበር።»

«ጴንጤ ነኝ በለኛ» አሉና ሳቁ። «ግድ የለም፣ ግባ። ጴንጤም ይበርደዋል።»

ከዚያ ወዲያ ልጄ ይሉት ጀመር። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ለልጃቸው ለሥርጉት እንኳ ያልነገሩትን ነገሩት። ባላቸው ወታደር ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ከሄዱበት አልተመለሱም። እንጨት ለቅሞ መሸጡንም የደን ጠባቂዎች ከለከሉ። ያኔ እማማ ብዙነሽ ለጎረቤት «ቦሌ የሰው ቤት ወጥ እሠራለሁ» ብለው በየማለዳው ንጹሕ ለብሰው ይወርዱ ነበር። የሚወርዱት ግን ማንም ወደማያውቃቸው፣ ከከተማው ማዶ ወዳለ ደብር ነው። እዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው በር ላይ ይቀመጣሉ።

«ለመንኩ፣ ልጄ» አሉት፤ ቴፑ እየዞረ ነው። «የሰንበቴ ተራዬ ሲደርስ በዚያው በለመንኩት ስንዴ ገዛሁና ዳቦ ጋግሬ አበላኋቸው። እጅሽ ይባረክ አሉኝ። አንድ ቀን ደግሞ የገዛ ሰፈሬ ሰው ሳንቲም እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። በቡኒ ቦቲው ነው ያወቅሁት። ቀና አላልኩም፤ ድምፄን ቀይሬ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።» ከዚያ ወደ በሩ ገልመጥ አሉ። «ይሄ እዚህ ተራራ ላይ እንዳይሰማ።»

«ስምዎ አይወጣም፣ እማማ። በእኛ ሙያ ሕግ ነው፤ ስም ይቀየራል።»

«ማን ልትለኝ ነው ታዲያ?»

«አስብበታለሁ» አላቸው።

አሰበበትም። ሾላ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በሦስቱ ግድግዳ ተከቦ አሰበበት። ዘነበች ቢላቸው፣ አልማዝ ቢላቸው በቂ ነበር፤ ግን ምሁር በቀላሉ አይረካም። የፈጠራ ስም ታሪኩን ውሸት ያስመስለዋል ብሎ ሰጋ። ካሴቱን መልሶ ሲያዳምጥ፣ እማማ ብዙነሽ አንድ ጊዜ ታመው ቄሱ ጸበል ሲረጯቸው በክርስትና ስማቸው «ወለተ ሐና» ብለው እንደጠሯቸው ሲያወሩ ሰማ። ከመደርደሪያው አንድ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ አወረደ፤ የውጭ አገር ሰው ስለ ደገኛው ክርስቲያን እምነት የጻፈው ነው። የክርስትና ስም ከንስሐ አባት በቀር ለማንም የማይገለጽ ስም ነው ይላል። ኤልቃና ደስ አለው። እውነተኛም የተሰወረም ስም አገኘ። ጴንጤ የክርስትና ስም አያወጣምና ለእሱ ያለችው አንድ ስም ናት፤ እሷንም ሰፈር ሙሉ እየጮኸ ሲጠራት ነው ያደገ። ቢሮው ውስጥ ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ባልደረባው በየእሑዱ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ነው፤ «እንዲህ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። መጽሐፉ ከነገረኝ በኋላ ሰው ምን ልጠይቅ አለና አልጠየቀም። ወለተ ሐና ብሎ ጻፈ፤ በኮከብ ምልክት የግርጌ ማስታወሻም ጨመረበት።

መጽሐፉ ሲታተም ትዝ ያለው ተራራው ነው። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ብንወቅሰው ይህን አንወቅሰውም። ለሰንበቴው ሰብሳቢ ለአቶ ኃይለጊዮርጊስ ደውሎ ነገራቸው። እሳቸውም «እሑድ ና፣ ልጃችን ነህ፤ ይነበብልን» አሉት። እማማ ብዙነሽ ይህን ሲሰሙ ተራቸውን ከሌላ ሰው ተለዋውጠው የዚያን እሑድ ዳቦ እኔ ነኝ የምጋግረው አሉ። ፊደል አልቆጠሩም። ስማቸው እንደማይወጣ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ፍርሃት የለባቸውም።

ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት አግዳሚው ሁሉ ሞላ። ኤልቃናን ከአቶ ኃይለጊዮርጊስ አጠገብ አስቀመጡት። ጠላ ሲቀዱለት «አልጠጣም፣ ይቅርታ» አለ፤ ሳይቀየሙ ውሃ አመጡለት። መጽሐፉን ለወጣቱ ዲያቆን ለልደቱ ሰጠው። ልደቱ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ማታ ማታ ኮሌጅ ይማራል። የሚነበበውን ቦታ ፍለጋ እንዳይደክም ኤልቃና ራሱ ብጣሽ ወረቀት አስገብቶለታል፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰዎቹ እንዲያለቅሱለት ፈልጎ ነበር።

በዚያ ሰንበቴ አንድ ልማድ አለ። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ቄሱ የማኅበርተኛውን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ይጸልያሉ፤ የሚጠሩትም በክርስትና ስም ነው። የተጠራው ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ቄስ ገብረማርያም ቆሙና ጀመሩ። ወልደ ኪዳን አሉ፤ አቶ ኃይለጊዮርጊስ አጎነበሱ። አስካለ ማርያም አሉ፤ ወይዘሮ የማርያምወርቅ አጎነበሱ። ኤልቃናን ልማዱ ማረከው፤ ለሚቀጥለው ጽሑፉ ይሆናል ብሎ በልቡ ያዘው።

«ወለተ ሐና» አሉ ቄሱ።

እማማ ብዙነሽ ዳቦው አጠገብ ቆመው አጎነበሱ። ሁሉም ሰው ወደ እሳቸው አየ፤ የዕለቱ ተረኛ ናቸውና ፈገግ አሉላቸው።

ኤልቃና ሊጠጣ ያነሣውን ውሃ መልሶ አስቀመጠ። የሆነው ነገር ወዲያው ገባው፤ ሳይገባው ቢቀር ይሻለው ነበር። ይህ ስም እዚህ ቤት ውስጥ በየሰንበቱ ጮክ ተብሎ ይጠራል። የማያውቀው ሰው ቢኖር ከእሱና ከሰማያዊው መጽሐፍ ደራሲ በቀር ማንም የለም።

ዳቦው ተቆርሶ ታደለ። ልደቱ መጽሐፉን ይዞ ተነሣ።

«ልደቱ» አለ ኤልቃና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መግቢያውን ብታነብ አይሻልም?»

«መግቢያው እኮ ስለ ንድፈ ሐሳብ ነው፣ ዶክተር። ለእናቶች ይከብዳል።»

«ቢሆንም…»

«ተወው፣ ምልክት ያደረግክለትን ያንብብ» አሉ አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ ትከሻውን መታ አድርገው። «ትሑት ሰው ነህ።»

ተነሥቶ መጽሐፉን መንጠቅ ይችል ነበር። ግን ቢነጥቅ ለምን ይሉታል፤ ለምን ቢሉት ምን ይመልሳል? ምናልባት ስሙን ልብ አይሉት ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ከተስፋው በታች ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ ዶክተሩ በሰው ፊት መዋረድ ፈራ። ስለዚህ ተቀመጠ።

«በዚህ ምዕራፍ ወለተ ሐና የምንላት እናት…» ብሎ ልደቱ ጀመረ። አሁንም ልብ አላለም፤ ድምፁን እያሳመረ ነው። ኮከቧን አየና ተማሪ ስለሆነ ምንም ነገር መዝለል አልፈለገም። ዓይኑን ወደ ገጹ ግርጌ አወረደ። «ይህ የክርስትና ስም ሲሆን፣ ከንስሐ አባት በቀር ማንም ስለማያውቀው የባለታሪኳን ማንነት ይሰውራል።»

አንድ ሰው ሳል አለ። ልደቱ ያነበበው አሁን ገና ገባው። ቀና ብሎ ኤልቃናን አየ፤ ኤልቃና መሬት መሬት ያያል። ቢያቆም ያው መናገር ነው፣ ቢቀጥልም መናገር ነው። ልጁ ግራ ገብቶት ቀጠለ፤ ድምፁ እየሳሳ፣ እየፈጠነ። ባልየው ያልተመለሱበትን አነበበ። ቦሌ አለ የተባለውን ወጥ ቤት አነበበ። የደብሩን በርና ፊት ላይ የተጎተተውን ነጠላ አነበበ። «በለመንኩት ስንዴ ገዛሁና ዳቦ ጋግሬ አበላኋቸው» የሚለው ጋ ሲደርስ፣ የሁሉም እጅ ላይ የእማማ ብዙነሽ ዳቦ ነበር። አንዷ ሴት ቁራሹን ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቀጥላ ሌላዋ አስቀመጠች። ክፋት አልነበረም፤ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነው።

ቡኒው ቦቲ ጋ ሲደርስ አቶ ኃይለጊዮርጊስ እግራቸውን ሰብስበው አግዳሚው ሥር ከተቱ። እስከ ዛሬም የሚያደርጉት ቡኒ ቦቲ ነው።

ልደቱ ጨርሶ ተቀመጠ። ኤልቃና እንዲህ ያለ እፍረት ደርሶበት አያውቅም።  መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ መሬቷ ግን የሰንበቴ ቤት ወለል ናት፣ ዝም አለች። እማማ ብዙነሽን ለማየት ዓይን አጣ።

ቀድመው የተናገሩት አቶ ኃይለጊዮርጊስ ናቸው። ከዳቦው ትልቅ ጉርሻ ገመጡና አላምጠው እስኪውጡ ሰው ሁሉ ጠበቀ። «ዳቦው በስሏል» አሉ። ከዚያ ሌሎቹም ጭናቸው ላይ ያለውን አነሡና በሉ። ዶክተሩንም «ዕድሜ ይስጥህ፣ ደክመሃል» ብለው አመሰገኑት። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

ሲወጣ እማማ ብዙነሽ ሊሸኙት ተነሡ። እንግዳ ሳይሸኙ መቅረት አይሆንላቸውም። ቁልቁለቱን በባሕር ዛፉ መሐል ወረዱ፤ እሳቸው ፊት፣ እሱ ኋላ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ኤልቃና አላስቻለውም።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። አላወቅሁም። መጽሐፉን ከየሱቁ እሰበስበዋለሁ፣ አንድም አላስቀርም።»

«ከእነሱስ ጆሮ ትሰበስበዋለህ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ነጠላቸው ከፊታቸው ላይ እንዳይወርድ በእጃቸው ይዘውታል፤ ኤልቃና ይህን ያየው አሁን ነው። «ምነው ብዙነሽ ብለህ በጻፍከው ኖሮ፣ ልጄ። ብዙነሽ የዚህ ዓለም ስም ነው፤ እዚሁ ይቀራል። ይሄኛው እኮ ስሞት በጸሎተ ፍትሐት የምፈታበት ነው። ያን ቀን ቄሱ ወለተ ሐና ሲሉ፣ በቆመው ሰው ሁሉ ዓይን ላይ የሚመጣው የተዘረጋ እጄ ነው።»

ኤልቃና «ስሙን እቀይረዋለሁ…» ብሎ ጀመረ። 

«አንተ ስም መቀየር ትችላለህ፤ በሙያችን ሕግ ነው ብለኸኛል» አሉ እማማ ብዙነሽ። «በል እንግዲህ፣ ለዚያ ቀን የሚሆነኝ ሌላ ስም አውጣልኝ።»

እየቀለዱበት መስሎት ቀና ብሎ አያቸው። አልቀለዱም። ነጠላቸውን እንደያዙ፣ ዳገቱ ላይ ቆመው፣ ስሙን ይጠብቁ ነበር።