የሰሌዳው ፊት

"አንቺ ካልመጣሽ እኔ እግሬን አላነሳም።"

ይህን ያለችው እናቱ ትሁን አክስቱ ፍሪጅ ጠጋኙ እስከ ዛሬ አያውቅም። ያኔ ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቶ የእናቱ የስፌት ማሽን ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ደግሞ ሲሄድ ይሰማል። የሁለቱ እህትማማቾች ድምፅ ሲበዛ ይመሳሰላል፤ በቀን እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ ከሆነ አይለያቸውም ነበር። ማሽኑ ጸጥ ባለበት መሃል አንዷ ያንን አለች። ሌላይቱ የመለሰችውን ማሽኑ እንደገና ተነሥቶ ዋጠው። በማግስቱ አክስቱ ጓዟን ጠቅልላ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የባሏ አገር ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በስልክ ይጠያየቃሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘመድ ያወራሉ። ስለ መምጣት ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። እናቱ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሚያስቀምጥበትን ቦታ እንደረሳ ሰው ለጥቂት ጊዜ በእጇ ይዛው ትቀመጣለች፤ ያንን አይቷል። 

አሁን የእሱም ፀጉር ገብስማ ሆኗል። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በክሪክ ተነሥታ በግንድ በተደገፈችው አሮጌ መኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ የሞተሯን ሆድ ሽቅብ ያያል። ጭቃና ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይረጭ የሚከላከለው የፕላስቲክ ከለላ ተገንጥሎ ቀርቷል፤ የተረፈው ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለ ቁራጭ ብቻ ነው።

ከለላው የተገነጠለው ባለፈው ቅዳሜ፣ አክስቱን ሊያመጣ ሲሄድ ነው። ዓይኗ እየደከመ መሆኑን ከሰሙ ቆይተዋል። በቅርቡ ግን ራሷ ደውላ፣ ሐኪሙ ተስፋ እንዳልሰጣት ነገረችው፤ ቀጥላም "ጭራሽ ሳይጨልምብኝ የእህቴን ፊት ልየው፤ ልጄ ና ውሰደኝ" አለችው። ለእናቱ ሲነግራት "ትምጣ" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ነገር ግን ቁልቁለቱ ላይ አንድ ድንጋይ የመኪናዋን ሆድ ላጠው። ወንዙን ገና አጋምሶ ሳይጨርስ የቆሸሸው ውሃ ሽቅብ ተረጨ፤ ኤሌክትሪኩ ራሰ፤ ሞተሩ ድርግም አለ። አንድ የአሸዋ መኪና ጎትቶ ወደ መጣበት መለሰው። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ወንዙ ከሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ እስኪጎድል ድረስ የአክስቱ ዓይን ይጠብቅ እንደሆነ እግዜር ያውቃል።

"የዚች መኪና ዕቃ ከራሷ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ ሱቅ ለሱቅ አትልፋ" አለ ጎረቤቱ፣ መኪናዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ። ጎረቤቱ ታክሲ ነጂ ነው። የሰፈሩ ሰው "ፍሬን የለሽ" ይለዋል፤ መንዳቱስ ደህና ነው፣ ስሙን ያገኘው በምላሱ ነው። አሉሚኒየም ፈልግ፣ ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ድንጋይ ሲያገኘው ይጎብጣል እንጂ አይሰነጠቅም ብሎ እየደጋገመ መከረው። ጠጋኙ ከአሮጌ ፍሪጆች የተፈቱ ቁርጥራጮች ነበሩት፤ ለካቸው፣ ሁሉም አነሱ።

እናቱ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ስትወጣ በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር እየጎተተች ነበር። አንሶላውን ስትገልጠው የስፌት ቤቷ ሰሌዳ ሆነ። ሰማያዊ ቀለም በተቀባው አሉሚኒየም ላይ "ልብስ ይለካል፣ ይሰፋል፣ ይጠገናል" የሚለው ነጭ ጽሑፍ አሁንም ጥርት ብሎ ይነበባል።

"ይሄንንማ አልነካም እማዬ" አለ ጠጋኙ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እየተቀመጠ።

"ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተው ወዲህ፣ ሰሌዳው ቁም ሳጥን ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ከመቆም ሌላ ሥራ የለውም። እንደኔው ነው።"

"እማማ፣ እርስዎማ ገና ሙሽራ ነዎት" አለ ፍሬን የለሽ።

"አንተ ዝም በልና ጫፉን ያዝልኝ።"

ሰሌዳውን ጥላ ሥር አስተኙት። ጠጋኙ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ወደ ሞተሩ ይዙርና ጭቃ እንዳይነካው። እናቱ ራሷን ነቀነቀች። እሱም ከፍሪጅ ካርቶን ሰፊ ቁራጭ አምጥቶ መኪናዋ ሥር ገባ፤ ካርቶኑን ሽቅብ ደግፎ ዙሪያውን አሰመረ፤ ብሎኖቹ የሚገቡባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ምልክት አደረገ። የቀረውን እናቱ ተቀበለችው። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ ስንት ሰው ሙሽራ ሆኖ የወጣበትን ያንኑ መቀስ ይዛ፣ የብሎኖቹን ምልክቶች በሳች፤ ካርቶኑንም በእርሳሱ መስመር ዙሪያ ቀደደችው። ስትቀድ ዙሪያውን ጣት የሚያህል ትርፍ ተወች። ጠጋኙ ለምን ብሎ ሲጠይቃት፣ ጠርዙ ያልታጠፈ ነገር ነፋስ ሲያገኘው ይርገበገባል፣ ቀሚስም ሆነ ላሜራ ያው ነው አለችው። ዘይት የሚለቀቅበትን ቦታ ጠይቃም ክፍት ተወችው። "ዘይት በቀየርክ ቁጥር ሁሉን ልታወልቅ ነው? እንደ ልብስ የቁልፍ ቀዳዳ ይኑረው እንጂ።"

ልብስ የምታሰምርበትን ኖራዋን ከጎድጓዳ ቆርቆሮ ውስጥ አወጣች። ሰሌዳውን በፊቱ ደፍታ፣ ካርቶኑን በላዩ ዘረጋችና አሰመረች።  ጠጋኙ ከኖራው መስመር ይልቅ ፊቷን ነበር የሚያየው፤ ከንፈሯን ነክሳ እንዲህ ስትሠራ ካያት ብዙ ዓመት ሆኖታል።

በላሜራ መቀስ ቆረጠው፤ በመሰርሰሪያ በሳው። ጽሑፉን ሽቅብ አድርጎ መኪናዋ ሥር ሲያስጠጋው ግን አንዱም ቀዳዳ ከቦታው አልገጠመም። ወደ ግራ ቢገፋው ቀኙ ይጎድላል፤ ወደ ቀኝ ቢገፋው ግራው።

"ገልብጠው እስቲ" አለ ፍሬን የለሽ፣ ለአንድ ጊዜ አጭር ነገር ተናግሮ።

ገለበጠው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ልክ ገቡ። "ልብስ ይለካል፣ ይሰፋል፣ ይጠገናል" የሚለው ጽሑፍ ከአፍንጫው በላይ ቁልቁል አፈጠጠበት።

ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ለእናቱ ነገራት። መልስ ሆኖ የሰማው ሳቋን ነው። ሳቋን ረስቶት ነበር።

"ካርቶኑን ገልብጬ ነዋ የዘረጋሁት" አለች። "ጨርቅ የሚሰመረው በጀርባው ነው፤ ፊቱ ወደ ውጭ እንዲወጣ ልኩ ይገለበጣል። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ስሠራ ኖሬ እጄ አንተን ከየት ይስማህ?"

"ጭቃ ይበላዋል እማዬ። ሌላ ላሜራ እፈልጋለሁ።"

"ተወው። ፊቱን ወደ ሆዱ አዙሮ የሚለብስ ማን አለ?" ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጭቃውም ቢሆን የእሷ አገር ጭቃ ነው" አለች።

ጠርዙን በእንጨት ላይ አስደግፎ በመዶሻ አጠፈው። ብረት ከብረት ጋር እንዳይንጫጫ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ትንንሽ ክብ ጎማዎችን ቆርጦ ለእናቱ አስያዛት፤ እሷም ከላይ አንድ አንድ እያለች ታቀብለው ጀመር። ፍሬን የለሽ ወደ ሥራው ሄዷል። ስልኩ የጮኸው ይሄኔ ነው። የጠጋኙ እጅ ግራሶ በግራሶ ስለነበር፣ ደረቱ ላይ ያስቀመጠውን ስልክ በክርኑ ነካ አድርጎ በድምፅ ማጉያው ከፈተው።

"እታለም፣ ደህና ዋልሽ?"

የደወለችው አክስቱ ነበረች፤ መኪናዋ እንዴት እንደሆነች ጠየቀችው። ነገ ማለዳ እንደሚመጣ ነገራት። 

"ባለፈው ቅዳሜ አጉል ነገር ሠራሁ" አለች። "ከጠዋት ጀምሬ ጓዜን ይዤ ደጅ ተቀምጬልህ ነበር። አሁን የመኪና ቀለም አልለይም። ስለዚህ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብድግ፤ ደግሞ ቁጭ። ቆሻሻ ለሚያነሣው መኪና ሳይቀር ተነሣሁለት። ጎረቤቶቼ መሽቶ ነው ያስገቡኝ።" ሳቀች። "ለእናትህ እንዳትነግራት ታዲያ፤ መሳቂያ ታደርገኛለች።"

ጠጋኙ እሺ ብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለቀጣዩ ጎማ እጁን ዘረጋ። የሚያቀብለው አላገኘም። በመኪናዋ ሥር የሚታዩት የእናቱ እግሮች ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ቆይታ ጎማውን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ከክሪኩ አወረዳት። በሰፈሩ መጨረሻ ውሃ ከሚተኛበት ጉድጓድ ደጋግሞ ነከራት፤ ተመልሶ በባትሪ ሲያይ ሞተሩ ደረቅ ነበር። ነጩ ጽሑፍ ላይ ግን ጭቃው ከወዲሁ ተለጥፏል። እናቱ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ኖራዋን ወደ ቆርቆሮው ትመልሳለች።

"ይዟል እማዬ። ነገ ሳይነጋ ሄጄ አመጣታለሁ።"

"በዚያ ድንጋይ ላይ?"

"ቀስ ብዬ።"

 ከልጅነቱ ጀምሮ በሆዱ ይዞት የኖረው ጥያቄ ምላሱ ላይ መጣ፤ ጠየቃት። ያን ማታ፣ ካልመጣሽ አልመጣም ያለችው ማን ነበረች?

እናቱ እንዴት ሰማህ አላለችውም። የቆርቆሮውን ክዳን ገጠመችው።

"አንዳችን አልነው፤ ሁለታችንም ጠበቅነው" አለች። "አሁን ማን እንዳለው ብታውቅ ለምን ይሆንሃል?"

ተነሥታ ወደ መኪናዋ ሄደች። የኋላውን በር ከፍታ ወንበሩ ላይ የተከመረውን የፍሪጅ ቱቦና የመፍቻ ሣጥን አየች፤ ፊቷን አጨማደደች።

"ይሄን ኮተት አውርድና መቀመጫውን ጥረግልኝ። ከዚያ ደውልላት፤ ደጅ ላይ ተቀምጣ እንዳትጠብቅ በላት። ከማዶ የምታመጣው ሰው የለህም፤ ከዚህ የምትወስደው እኔን ነው።"