ኬረላ መቼ ይኬዳል?

፩

ጥር አይሆንም።


፪

ይህን ያሉት ሻምበል ውባንተ ናቸው። ሠርግ አለባቸው። የራሳቸው አይደለም፣ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሽማግሌ ሆነው የጠየቁላቸው አምስት ልጆች በጥር ይዳራሉ፤ አንዱ ቤት ቢቀሩ ሌላው አይቀየምም ወይ ይላሉ። ሌላው ለምን እንደሚቀየም ጠየቅኳቸው። አምስቱን የጥሪ ካርድ ደርድረው አሳዩኝ።

እኔ ሰናይት ነኝ። በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትኬት እቆርጣለሁ። አለቃዬ «ኬረላን ለመጎብኘት ምርጡ ወቅት» የሚል አንድ ገጽ ጻፊ ብሎኝ ነው የተቀመጥኩት። ኬረላ በህንድ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ፣ ባሕሩ ዳር ያለች ግዛት ናት። ለደንበኛ የሚሆነውን በሃያ ደቂቃ ጨረስኩት፦

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ ደረቅና ለስላሳ አየር። ይሂዱ።
ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ ሙቀትና ወበቅ። ከቻሉ ይቆዩ።
ከሰኔ እስከ መስከረም፦ ዝናብ። ዣንጥላ ይያዙ።
ጥቅምትና ኅዳር፦ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ። ጠዋት ጠዋት ይንቀሳቀሱ።

አራት መስመር። ደንበኛ አንብቦ ይከፍላል፣ ይሄዳል፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። አባቴን ግን በእነዚህ አራት መስመሮች መላክ አቅቶኝ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለዚህ ገጹን ትቼ ይህን እጽፋለሁ። አለቃዬ ካነበበው ያንብበው።


፫

አባቴ አቶ ደምመላሽ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። ኬረላ የሚሄደው ለሽርሽር አይደለም። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው።

በ1966 ዓ.ም. በአንድ የጎጃም ከተማ ዐሥረኛ ክፍል ነበር። በዚያ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የህንድ አስተማሪዎች ነበሩ። የእነሱን ክፍል ጂኦግራፊ የሚያስተምሩት ሚስተር ቼሪያን የሚባሉ የኬረላ ሰው ናቸው። አባቴ ፈተና ወደቀ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ስንፍና እንጂ ኃጢአት አይደለም። ግን የግርግር ሰሞን ነው፣ ተማሪው በየቀኑ ይሰበሰባል። በአንዱ ስብሰባ ላይ፣ አስተማሪው ራሳቸው አዳራሹ ውስጥ ቆመው ሳለ፣ አባቴ እጁን አውጥቶ ተነሳና ሚስተር ቼሪያን «እናንተ አህያ ሕዝብ ናችሁ» ብለው ሰድበውናል አለ።

ውሸት።

አዳራሹ ተናወጠ። ሚስተር ቼሪያን በሦስተኛው ቀን እርጉዝ ሚስታቸውን ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። አባቴ አውቶቡሱ ሲሄድ ቆሞ አይቷል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም እህቶቼም ይህን ታሪክ የሰማነው እናታችን ከሞተች በኋላ ነው፤ እሷም ሳትሰማው ነው የሞተችው።


፬

ዐምና በጥቅምት በፌስቡክ ፈልጌ አገኘኋቸው። ሚስተር ቼሪያንን ሳይሆን ልጃቸውን ሱሳማን። በዚያ አውቶቡስ ላይ በእናቷ ሆድ ውስጥ የነበረችው እሷ ናት፣ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት። የድሮ ተማሪያቸው ሊጠይቃቸው ይፈልጋል ብዬ ጻፍኩላት፤ ምን ሊጠይቅ እንደሆነ አልነገርኳትም። አባቷ ዘጠና ደፍነዋል፣ እግራቸው አይራመድም፣ አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነው አለችኝ። በጥር ኑ፣ አየሩ መልካም ነው አለች።

እየሮጥኩ ቤት ሄድኩ። አባዬ፣ ተገኙ፣ አሉ፣ በጥር ትሄዳለህ አልኩት። አለቀሰ። አብረን አለቀስን። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና እንዲህ አለኝ፦

«ሽማግሌስ?»


፭

ይቅርታ ለመጠየቅ የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለማያውቅ)

፩ኛ፦ ሽማግሌዎች። ሦስት ቢሆኑ ይመረጣል። አባቴ ዘንድ «ይመረጣል» የሚባል ነገር የለም፤ ሦስት ይሆናሉ።

፪ኛ፦ ድንጋይ። ጥፋተኛው በማጅራቱ ተሸክሞ ያጎነብሳል።*

፫ኛ፦ መቆም። ይቅር እስኪባል ማንም አይቀመጥም፣ ውሃ እንኳ አይቀምስም።

፬ኛ፦ ጥፋቱን አፍ አውጥቶ መናገር። ሳይናገሩ ይቅር ቢባሉ እንዳልተባሉ ይቆጠራል። ይህ የመሪጌታ ልሳነወርቅ ቃል ነው።

፭ኛ፦ ዕርቁ ሲወርድ ከአንድ ማዕድ መብላት።

* ድንጋዩ ከዚህ ይሂድ ወይስ እዚያ ይፈለግ የሚለው ጉዳይ አንድ ሙሉ እሑድ ፈጅቷል። ኬረላም ድንጋይ አለ አልኳቸው። ሦስቱም እንደ ባለጌ አዩኝ።


፮

ሦስቱን ላስተዋውቅ።

ሻምበል ውባንተን አውቀናቸዋል፤ የሠርጉ ሰው ናቸው።

ጋሽ ይልቃል የአባቴ የክፍል ጓደኛ ናቸው። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፣ ውሸት መሆኑን እያወቁ አጨብጭበዋል፣ ይህንንም ራሳቸው ይናገራሉ። አስም አለባቸው። እርጥበት ከነካቸው ደረታቸው ያፏጫል።

መሪጌታ ልሳነወርቅ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ጾም አለባቸው። እኛም አለብን፤ እሳቸው ግን ሌላው የሚረሳውን ሁሉ ይጾማሉ። በጾም ሄደን ሰዎቹ ዓሣ ቢያቀርቡልን ምን ልንሆን ነው ይላሉ፤ አንበላም ካልን ዕርቁ አይጸናም፣ ከበላን ጾማችን። የኬረላ ክርስቲያኖችም እኮ ይጾማሉ አልኳቸው። የእነሱ ከእኛ ጋር መግጠሙን በምን አውቃለሁ አሉ።

አሁን እነዚህን ሦስት ሰዎች ኬረላ ላይ ካለው አየር ጋር ይደምሯቸው። እኔ ደምሬያቸዋለሁ።


፯

መስከረም፦ ዝናቡ አልወጣም። አስም።
ጥቅምት፦ ነጎድጓድ። ሻምበል ጦር ሜዳ የዋሉ ሰው ናቸው፣ መብረቅ ግን አይወዱም።
ኅዳር፦ ግማሹ ነጎድጓድ፣ ግማሹ ጾም።
ታኅሣሥ፦ ጾም።
ጥር፦ ሠርግ።
የካቲት፦ ዐቢይ ጾም።
መጋቢት፦ ዐቢይ ጾም፣ ከነሙቀቱ።
ሚያዝያ፦ ፋሲካን በሰው አገር?
ግንቦት፦ ወበቅ። አስም።
ሰኔ፦ ዝናብ። አስም። ጾም። ሦስቱም በአንድ ላይ።
ሐምሌ፦ ዝናብ።
ነሐሴ፦ ዝናብ። ፍልሰታ።
ጳጉሜ፦ ይህችን ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ በንዴት። መሪጌታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አሰቡባት። ከዚያ በዓል መዳረሻ ላይ ቤት ጥሎ አይኬድም ብለው ተዉዋት።


፰

አይሆንም።


፱

አይሆንም።


፲

አንባቢ ሆይ፣ ከላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ስንፍና አይደሉም። እያንዳንዳቸው ስድስት ወር ናቸው።

በእነዚያ ወራት ሱሳማ ስምንት ጊዜ ጻፈችልኝ። አባቷ ተማሪው መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ይጠይቋታል። እኔ በቅርቡ፣ አየሩ እስኪስተካከል እያልኩ እመልስላታለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።


፲፩

ዘንድሮ በሚያዝያ፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ገነፈልኩ። አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የአየር ትንበያ ያያል፤ የአዲስ አበባን ሳይሆን የኬረላን። ቴሌፎኑን ከእጁ ቀማሁት። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ብቻህን ሂድ አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለኝ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልም አለ አልኩት። እጁን ለቴሌፎኑ ዘረጋ። ያኔ ዓመት ከመንፈቅ አፌ ላይ የነበረውን ተናገርኩ፦

«አንተ ወቅት አይደለም የምትፈልገው። እንዲሞቱልህ ነው የምትጠብቀው።»

ወዲያው ተጸጸትኩ። እሱ ግን አልተቆጣኝም።

«ሽማግሌ ለምን እንደሚላክ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ብቻህን ፊቱ መቆም ስለማትችል ነው። ፈርቻለሁ፣ ሰናይት። ያን ቀን ስናገር እኔን ነበር የሚያዩት። ሌላ ማንንም አላዩም።»

ቴሌፎኑን መለስኩለት። የኬረላ ሙቀት ሠላሳ አራት ይላል።


፲፪

ያን ሰሞን ሦስቱን ሽማግሌዎች ሰብስቤ፣ ሽማግሌ ሆኜ ሽማግሌዎችን ለመንኩ። ሻምበል ሁለት ሠርግ ሠዉ። መሪጌታ ከጥምቀት ማግስት ጾም እንደሌለ አመኑ። ጋሽ ይልቃል በደረቅ አየር እንደሚተነፍሱ ቃል ገቡ። አባቴ ቁርጥ ቀኑን በእጁ ጻፈ፦ የሚመጣው ዓመት፣ ጥር አሥራ አምስት።

አራት ትኬት ቆረጥኩ። አለቃዬ ቅናሽ አደረገልኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሱሳማ በመጀመሪያው ቀን ወደ ነገረችኝ ወር መጥተናል ማለት ነው።


፲፫

ሰኔ ስድስት ቀን ከሱሳማ የመጣ መልእክት፣ እንዳለ የተተረጎመ፦

«ውድ ሰናይት። ሐኪሙ ለአባቴ የቀረው ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር ነው አለን። ጠዋት ጠዋት ይነቃል፣ ያወራል፣ ከዚያ ይደክመዋል። እዚህ ዝናቡ ገብቷል፣ መንገዱም በውሃ ተቆርጧል። ጥርን አትጠብቁ።»


፲፬

ኬረላን ለመጎብኘት ምርጡ ወቅት ዐምና ነበር።


፲፭

ቪዛው ቢፋጠን እንኳ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በስልክ ይሁን አልኩ፣ በቪዲዮ። ዕርቅ በስልክ ወርዶ ያውቃል ወይ የሚል ክርክር ሲጀመር በሩን ዘግቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። መሪጌታ ፊቴን አይተው ይወርዳል አሉ። ማዕዱ ግን በይደር ይቆይ፣ ጾምም ነው አሉ።

እሑድ ጠዋት። ቴሌፎኑን ወንበር ላይ በመጽሐፍ አስደግፌ አቆምኩት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በአንድ ረድፍ ቆሙ። አባቴ ከፊታቸው፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ሰው ለቴሌፎን ሲያጎነብስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋረጠ። ሁለቴም ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የጋሽ ይልቃል ደረት ብቻ ያፏጫል።

በሦስተኛው ያዘ። ትራስ ላይ አንድ ትንሽ ፊት ታየ። ከኋላው ዝናብ ይሰማል።

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፦

ሱሳማ፦ አባዬ፣ ከኢትዮጵያ ናቸው። ተማሪዎችህ።
ሚስተር ቼሪያን፦ ለምን ቆሙ?
እኔ፦ ልማዳችን ነው፣ ጌታዬ።
ሚስተር ቼሪያን፦ ያ ሰው አንገቱ ላይ ምን ይዟል?
እኔ፦ ድንጋይ ነው።
ሚስተር ቼሪያን፦ ከባድ ነው። አስቀምጠው በይው።

አባቴ አላስቀመጠም። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ከትራሱ ላይ በአማርኛ፣ ደረቅ ባለ የአስተማሪ ድምፅ እንዲህ የሚል መጣ፦

«ቁጭ በሉ።»

ጋሽ ይልቃል ቁጭ አሉ። ሕጉን ረስተው አይደለም፤ እግራቸው ቀደማቸው። ትእዛዝ የለመዱት ሻምበል ተከተሉ። አባቴ ድንጋዩን ወለል ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በሕይወታቸው የሚስተር ቼሪያን ተማሪ ሆነው የማያውቁት መሪጌታም ግራ ቀኝ አይተው ተቀመጡ። አራት ሽማግሌ ምንጣፍ ላይ፣ እጃቸውን አጣጥፈው።


፲፮

አባቴ፦ ሚስተር ቼሪያን፣ ደምመላሽ ነኝ። ዐሥረኛ ክፍል።
ሚስተር ቼሪያን፦ ደምመላሽ። ስሙን አውቀዋለሁ። ፊቱ ጠፋብኝ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።
አባቴ፦ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። በድዬዎታለሁ። በእኔ ምክንያት ነው ከአገራችን የወጡት።
ሚስተር ቼሪያን፦ አይደለም፣ አይደለም። የወጣነው ሚስቴ እናቷ ዘንድ መውለድ ፈልጋ ነው። ከዚያ ከተማ አንድ ክፉ ነገር አላስታውስም። ዝናብ ሲሆን ልጆቹ ደብተሬን በልብሳቸው ሸፍነው ቤቴ ድረስ ይሸኙኝ ነበር። ሚስቴ ይህን እስክትሞት ስታወራው ኖራለች። የልጆቹን ደግነት።

አባቴ ዞሮ ተመለከተኝ። በትክክል አልሰማሁ ይሆን ብሎ ነው። ሰምቷል።


፲፯

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተወጋው ረስቶ የወጋው ሲታመም እንደኖረ የሚናገር ተረት አላውቅም። ሚስትየዋ ለእሳቸው ስትል ያን ስብሰባ ከታሪኩ አውጥታው ይሁን፣ ወይስ እሳቸው ራሳቸው አውጥተውት፣ የሚነግረን የለም። ብቻ የለም፤ ወጥቷል።

እውነቱን ከነገራቸው፣ ጥቂት ሳምንት የቀራቸውን ሰው እንደገና ሊወጋቸው ነው። ካልነገራቸው፣ ይቅር ቢሉት እንኳ ምኑን ይቅር እንዳሉት አያውቁም፣ ባዶ እጁን ሊነሳ ነው።

ሕጉን የሚያውቁት መሪጌታ ናቸው። አየኋቸው። ምንጣፉን ያያሉ። ጋሽ ይልቃል አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘዋል። ሱሳማ እየደከመው ነው፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ አለች።


፲፰

ሚስተር ቼሪያን፦ ንገረኝ እንጂ፣ ልጄ። ምን አድርገኸኝ ነበር?

አባቴ፦