እግር የሌለው እንሽላሊት እግር

የላቦራቶሪያችንን ኃላፊ ከጀርባቸው «መወልወያው» ነው የምንላቸው። ሰላም ከማለታቸው በፊት የማይክሮስኮፑን መስታወት ይወለውላሉ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሚያጸድቁት እሳቸው ስለሆኑ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

የማጠናው አፈር ውስጥ የሚኖር እባብ መሰል እንሽላሊት ነው። ሲያድግ እግር የለውም፤ እንቁላሉ ውስጥ ሳለ ግን እግር ማብቀል ጀምሮ ይተዋል ባይ ነኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «ልጄ፣ እግር ያለው ስንት አለ፤ የሌለው ላይ ምን አስለፋሽ?» ብላኛለች።

እንሽላሊቶቼ እንቁላል የሚጥሉበት ወቅት አልፎ፣ በትክክለኛው ዕድሜ ላይ ያለ ሽል የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር። ሥጋውን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በመድኃኒት አጠራሁት፤ ቀለም ውስጥ ስነክረው ለስላሳው አጥንት ሰማያዊ፣ የጠነከረው ቀይ ቀለም ያዘ። ዛሬ ጠዋት ጭራው ከሚጀምርበት አጠገብ፣ ጎኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አየሁ። እግር! እሷ ከሌለች ጽሑፌም የለም።

«ዶክተር፣ ይምጡና ይዩልኝ!» ብዬ ኃላፊያችንን ጠራሁና ካሜራ ላመጣ ሮጥኩ።

ስመለስ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅረዋል። ቀጭኗን መርፌ ይዘዋል።

«ፎቶ ልታነሺው አይደል?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ጎኑ ላይ ቆሻሻ ነበረበት፤ አነሳሁልሽ።»

«የምን ቆሻሻ?»

«ሰማያዊ። የቀለም ዝቃጭ ይሆናል። አሁን ጥርት ብሏል፤ ነይ እዪው።»

ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት እግር ነቅሎ ምስጋና ይጠብቃል?

«እግሩ እኮ ነው!»

«የቱ እግር? ይኼ እንስሳ እግር የለውም።»

«አሁንማ የለውም!»

መርፌዋን አዩ። ከዚያ መርፌዋን የጠረጉበትን ሶፍት አዩ። «ወይ ጉድ» አሉ ቀስ ብለው።

የቀረኝ ሌላኛው ጎኑ ነበር። እንዳይበጣጠስብኝ ፈርቼ ገልብጬው አላውቅም። ትንፋሼን ውጬ፣ በብሩሽ ጫፍ ገለበጥኩት። እዚያው ቦታ ላይ፣ ሰማያዊ ነጥብ! እንባዬ መጣ። እንዲያዩ ቦታ ለቀቅኩላቸው።

«እውነትሽን ነው፤ እግር ነው» አሉ። ደስ አላቸው፤ ድምፃቸው ያስታውቃል። ከዚያ ደግሞ፣ «አጠገቡ ግን አንዲት ብናኝ አለች። እሷን ብቻ...»

መርፌዋ ተንቀሳቀሰች።

«እጅዎን ይሰብስቡ!»

ጩኸቴ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። መወልወያው ቀስ ብለው መርፌዋን አስቀመጡ፤ ሁለት እጃቸውንም ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ፎቶውን ከነብናኟ አነሳሁት።