የአንድ ቀን አክስት

«የመጀመሪያሽ ነው፣ አይደል?»

ጥያቄው የመጣው ከጎኗ ካለው ተንጋላይ ወንበር ነው። ነፍሰ ጡሯ ያበጡ እግሮቿን ከላይ ሞቆ ከሥር በቀዘቀዘው አሸዋ ውስጥ ቀብራ፣ ዓይኖቿን ጨፍና የባሕሩን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። ስትገልጣቸው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ሃምሳዎቹን የተሻገረች ሴት በፈገግታ ሆዷን እያየች ነው። ፈገግታዋ ውስጥ አንዳች ተንኮል የለም።

«አዎ» አለች።

ቃሉ ሳያደናቅፋት ከአፏ ሾልኮ ወጣ። ወዲያው ልታርመው ትችል ነበር። «ኧረ ሁለተኛዬ ነው፤ ትልቋ ከአባቷ ጋር ውኃ ዳር ናት» ብትል ያበቃ ነበር። ሴትዮዋ ግን እጆቿን አጨብጭባ «እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ልጅ!» ስትል እርማቱ ሳይነገር ቀረ።

ለዚህ እርግዝና እንኳን ደስ ያለሽ ያላት ሰው አልነበረም። እናቷ በስልክ «ልጄ፣ ትንሽ አትተነፍሺም ነበር?» አለቻት። የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ባለቤት «ከወሊድ ፈቃድ ተመልሰሽ ወንበርሽ እንኳ ሳይሞቅ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ የመከላከያ ኪኒኖቹ ወደተደረደሩበት መደርደሪያ በአገጯ እያሳየች «ወንዝ ዳር ቆሞ በውኃ ጥም ይሏል ይኼ ነው» ብላ ደንበኞቹን ሁሉ አሳቀችባት። እሷም አብራ ሳቀች። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ሰፊውን ሹራቧን ከቁም ሳጥን አውጥታ ለነገ አዘጋጀች።

የፊተኛውንም ቢሆን ደስታውን አላየችው። ሐኪሙ አትነሺ ብሏት አልጋ ላይ ተኝታ፣ በየማለዳው አንሶላው ላይ ደም እየፈለገች ነው ወራቱን የገፋችው። ያኔ ሁሉም ሰው በሹክሹክታ ነበር የሚያወራት፤ ጮክ ብለው ደስ ቢላቸው ፅንሱ የሚበረግግ ይመስል። ባሏ አሁን ወደ ባሕር ያመጣት ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ ነበር። «ሁለተኛው መጥቶ እጃችንን ሳያስረን አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው እንረፍ» ብሎ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እንደ ሰው ማረፍ ማለት ለእሱ የሆቴሉ ክፍል ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚለውን አምፖል ሳይነካ ማደር ነበር። አላደረም። ኪሱ ውስጥ በረሳት ትንሽ ጠመንጃ መፍቻ አስተካክሎት ነው የተኛው።

ሴትዮዋ ትራስ አስመጣች። ከወገቧ ጀርባ በራሷ እጅ ሸጎጠችላት። የሎሚ ጭማቂ አዘዘችላት። አልፎ ተርፎም ከፊት ለፊታቸው ጃንጥላ ሥር ወዳሉት ባልና ሚስት ዞራ «ሰማችሁ? የመጀመሪያዋ ነው!» አለች። ባልና ሚስቱ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁላት። ነፍሰ ጡሯ ፀሐዩ ይሁን የሰዎቹ ዓይን፣ አንድ ነገር ከደረቷ ጀምሮ ሲያሞቃት ተሰማት። ሆዷን በሁለት እጇ አቀፈችው። ሰው ፊት እንዲህ አቅፋው አታውቅም።

«ምጥ በጣም ያማል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ለምን እንደጠየቀች ራሷም አላወቀችም። ማንም አላስገደዳትም።

«እኔ እንኳ አልወለድኩም» አለች ሴትዮዋ፣ ባርኔጣዋን እያስተካከለች። «ግን የሦስት እህቶቼን ልጆች ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ምጥ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሜ ከእነሱ እኩል ነው ያማጥሁት። ያማል፤ አልዋሽሽም። ግን ልጁን ሲያስታቅፉሽ ይረሳል ይላሉ። እህቶቼ ረስተውታል። እኔ ነኝ ያልረሳሁት።» ብላ ሳቀች።

ነፍሰ ጡሯም እንደማያውቅ ሰው ተገርማ ሳቀች።

ገና ሳቋን ሳትጨርስ «እማ!» የሚል ድምፅ ሰማች።

ከጉንጯና ከጭኗ የተነሣ አባቷ ድንቡሼ እያለ የሚጠራት ልጃቸው፣ ውኃ የጠጣው ዳይፐሯ ጉልበቷ ድረስ ተንዘላዝሎ፣ ፊቷ አሸዋ በአሸዋ ሆኖ እየሮጠች ነው። ሩጫዋ ገና ከሰካራም አካሄድ አልተለየም፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ሁለት ወደ ጎን። ወደቀች፣ ተነሣች፣ ማልቀስ ጀመረች። «እማ! እማ!»

«ውይ! ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለች ሴትዮዋ።

አሁንም ጊዜ ነበር። በሳቅ ሊያልፍ ይችል ነበር። ግን ትራሱ ከወገቧ ጀርባ አለ፣ ጭማቂው አጠገቧ አለ፣ ባልና ሚስቱም ዞረው እያዩ ነው።

«የባለቤቴ እህት ልጅ ናት» አለች። «ከእኛ ጋር ነው የመጣችው።»

«እማ ትልሻለች እኮ!»

«ለምዳኝ ነው።»

የሴትዮዋ ፊት ለስለስ አለ። «ይላሉ። የእኔዎቹም እማ ነበር የሚሉኝ» አለች ዝግ ብላ፤ «እናቶቻቸው እስኪያርሟቸው ድረስ።»

ልጅቷ ደርሳ እርጥብ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጣለች። እንደ ልማዷ በእግሯ እየቧጠጠች ወደ ጭኗ መውጣት ጀመረች። ሴትዮዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ «ሆዷን! ሆዷን እንዳትረግጪ፣ የኔ ቆንጆ! አክስትሽ አቅም የላትም፤ ነይ ወደ እኔ» እያለች በብብቷ ይዛ አነሣቻት። ድንቡሼ ጮኸች። ጀርባዋን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ ሁለት እጆቿን ወደ እናቷ ዘረጋች። ጣቶቿ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።

የነፍሰ ጡሯ እጆች ከወንበሩ ክንድ ላይ አልተነሡም። እሷ በዚያች ቅጽበት የምታስበው፣ አክስት ብትሆን ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር ነው።

ባሏ በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው የልጅቷን ጫማ ይዞ እያለከለከ ደረሰ። «አመለጠችኝ እኮ! ዞር ከማለቴ…»

«የእህትህ ልጅ ውኃው አስፈርቷት ይሆናል» አለች ሴትዮዋ። «አክስቷን እንዴት ብትወዳት ነው እባክህ!»

እሱ ሴትዮዋን አየ። ከዚያ ሚስቱን አየ። እይታው ረጅም አልነበረም፤ ግን ሎሚውም ትራሱም፣ ያጎነበሰው አንገቷም ሁሉም በዚያ እይታ ውስጥ ሲገባ አየችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

«አዎ» አለ። «ትወዳታለች።»

ልጁን ተቀበለ። ከንፈሯ ላይ የተለጠፈውን አሸዋ በአውራ ጣቱ ጠረገላትና፣ ባልዲውን እዚያው ጥሎት ወደ ሆቴሉ አቀና። ድንቡሼ በትከሻው ላይ ሆና ወደ ኋላ እያየች «እማ» ማለቷን አላቆመችም፤ ድምፅዋ እየራቀ ሄደ እንጂ።

ነፍሰ ጡሯ ወዲያው መነሣት አልቻለችም። አክስት ለእህት ልጅ ብላ እንዲህ ቶሎ አትነሣም። ጭማቂውን እስከ መጨረሻው ጠጣች።

ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ልጅቷ በለቅሶ ብዛት ተኝታለች። ባሏ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ ከልጅቷ ልብስ ላይ አሸዋ ያጥባል። ውኃውን አልዘጋውም። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«የመጀመሪያሽ ነው ወይ አለችኝ» አለች። «አዎ አልኩ። ከዚያ… አንዱ አንዱን ጎተተው።»

እሱ ልብሱን ገልብጦ ማጠቡን ቀጠለ።

«ተናደድክብኝ።»

«አልተናደድኩም።» ልብሱን ጨመቀው። «አፈርኩ። አንቺን ሰው ፊት ላለማዋረድ ብዬ ልጄን ካድኳት። ውሸቱ እንዲህ ቶሎ ከአፌ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንቺ እንኳ ሰበብ ይኖርሽ ይሆናል። እኔ ምን ሰበብ አለኝ?»

ቢጮህባት ይቀላት ነበር። ጩኸት ቢሆን ትመልሳለች፤ ታለቅሳለች፤ ድካሟንና ያበጡ እግሮቿን ሰበብ ታደርጋለች። ኀፍረቱን ብቻዋን ይዛው የመጣች መስሏት ነበር፤ ለካ ለእሱም አካፍላዋለች።

ድንቡሼ ስትነቃ ጉንጯ ላይ የትራሱ ሽብሽብ ታትሞበታል። እናቷን አይታ ፈገግ አለች። «እማ» አለች፤ ተኝታ ሳለ በጡጫዋ ይዛው የቆየችውን የሚመስል የደቀቀ ብስኩት ወደ አፏ ዘረጋችላት። ነፍሰ ጡሯ ብስኩቱን ጎረሰች። ልጅቷ ብታኮርፍ፣ ፊቷን ብታዞርባት፣ ልታባብላት ትችል ነበር። ይቺ ግን ይቅር እንኳ አላለቻትም፤ ይቅር ለማለት መጀመሪያ መክሰስ ያስፈልጋል።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ ባሏ «እራት እዚሁ እናስመጣ» አለ። ድምፁ ለስልሷል። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ሴትዮዋን ዳግም አናያትም።»

ለእሷ ብሎ ያለው መሆኑን አወቀች። ሐሳቡ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ነበር፤ ልትጠጣው ፈለገች። እውነት ነው፣ ሴትዮዋን ዳግም አያዩዋትም። ነገር ግን የወንበሩን ክንድ የያዙት እጆች የእሷ ናቸው፤ ነገም አብረዋት ይሄዳሉ። በሆዷ ያለው ደግሞ ወትሮ በዚህ ሰዓት እንደሚያደርገው ተገለበጠ። ይኼስ? አለች ለራሷ። ይኼኛውስ አንድ ቀን ሰው ፊት የበዛብኝ ዕለት፣ የማን ልጅ ነው ልል ነው?

«እንውረድ» አለች።

ምግብ አዳራሹ ሞልቷል። ባለ ባርኔጣዋ ሴት ቀድማ አየቻት፤ አሁን ባርኔጣውን አውልቃዋለች፤ ሥሩ የነበረው ፀጉር ሳስቶ ሸብቷል። ከጠዋቶቹ ባልና ሚስት ጋር ሰፋ ያለ ጠረጴዛ ይዛለች። «ነይ፣ ነይ! ለሁለት ሰው የምትበላው ቦታዋ እዚህ ነው!» ብላ እጇን አውለበለበች። ባሏ ልጅቷን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ነፍሰ ጡሯ ብቻዋን በጠረጴዛዎቹ መካከል አለፈች። ወንበር ሳቡላት፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆማ ቀረች።

«ዋሽቼዎታለሁ» አለች።

«ምኑን፣ የኔ ልጅ?»

«የመጀመሪያዬ አይደለም። ጠዋት ያነሷት ልጅ… የወለድኳት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ። ባልየው ሾርባው ውስጥ አንድ ነገር የጠፋበት ይመስል አቀረቀረ። ሚስቱ ወደ በሩ፣ ወደ ልጅቷ፣ ከዚያ ወደ ነፍሰ ጡሯ አየች።

«ለምን?» አለች ሴትዮዋ።

ከደረጃው እስከዚህ ድረስ ምክንያት ስትደረድር ነበር የመጣችው። እናቷን፣ አለቃዋን፣ አንሶላውን። አሁን ሁሉንም ተወቻቸው።

«እንኳን ደስ ያለሽ ሲሉኝ ደስ አለኝ» አለች።

ሴትዮዋ ሹካዋን ከሳህኑ ጎን አስተካክላ አስቀመጠች።

«እኔ እኮ ከእጅሽ ነው የነጠቅኋት» አለች። «እያለቀሰች እጇን ስትዘረጋ… ወደ እናቷ ነበር የምትዘረጋው?»

«አዎ።»

«አንቺም ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«እማ ስትልሽ ሰምቼ፣ ቀኑን ሙሉ የእህቶቼን ልጆች ሳስብ ነው የዋልኩት። አንዳቸው ጋ ልደውል ሁሉ ስልኬን አንሥቼ ነበር።» ቁጣ የለበትም ድምፅዋ፤ የተሞኘ ሰው ድምፅ ነው። «እማ የሚለውን ቃል ማንም በነጻ አይሰጥሽም እኮ፣ ልጄ።»

ነፍሰ ጡሯ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ» አለች፤ ቃሉ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ እዚያው ቀረ፣ ማንም አላነሣውም። በዙሪያዋ የማንኪያና የሳህን ድምፅ ቀጥሏል። ወንበሩ አጠገቧ እያለ ካልተባለች በቀር ልትቀመጥበት አልፈለገችም። ሂጂ እስክትባል ትጠብቅ ነበር።

ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ በሩ አነሣች።

«ስሟ ማን ነው?» አለች።

ቀኑን ሙሉ የልጅቷን ስም የጠየቀ ሰው አልነበረም። ነፍሰ ጡሯ ቀና አለች። ከመስኮት እስከ በር የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚሰማት መሰላት። ይስማ። የልጇን ስም ከነአባቷ ጮክ ብላ ተናገረች።

ሴትዮዋ ስሙን ደገመችው፤ በማያውቀው ቤት በር ላይ እንደሚያንኳኳ ሰው፣ በቀስታ። በሩ ጋ ልጅቷ ከአባቷ ትከሻ ላይ ራሷን አቀናች፤ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል የጠራት ማን እንደሆነ በዓይኗ መፈለግ ጀመረች።